ስሜን መጻፍ ስለቻልሁ የታገደው የገራዶ ባቄላ

የካቲት 7 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለመነሻ ሀገር ማረጋገጫ ሰጪው ጽ/ቤት ኃላፊ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ፊርማዬ ተቀባይነት አግኝቶ ለባቄላችን የመነሻ ሀገር ማረጋገጫ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. አመልካች በገራዶ አካባቢ የአርባ ሦስት ባቄላ አምራቾች ማኅበር ሰብሳቢ ነኝ። ይህን የጻፍሁት በራሴ እጅ ነው፤ በራችሁ ላይ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ይቅር ይበለኝ። በማታ ትምህርት ከሠላሳ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣችው ባለቤቴ ሳሊሃ ናት፤ ውጤቱ ተለዋውጦ ነው ትላለች፣ አልሰማኋትም።

2. ሀገራችን የአፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ የሆነው የኮሜሳ አባል ናት፤ ሱዳንም እንዲሁ። ባቄላችን የኢትዮጵያ ምርት መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ከያዘ ካርቱም ሲገባ ቀረጡ ይቀንስለታል። ካልያዘ ባሕር አቋርጦ ከመጣው ከአውስትራሊያ ባቄላ እኩል ይቀረጣል። የካርቱሙ ገዢያችን ሀፊዝ በስልክ «እስከ የካቲት 20 ካልመጣ ወላሂ የአውስትራሊያውን እገዛለሁ፤ አትቀየሙኝ» ብሎናል።

3. ወረቀቱ እንዲሰጥ ባቄላው ከማሳችን መገኘቱን ሰብሳቢው አረጋግጦ መፈረም አለበት። ጥር 23 ቀን መጥቼ ስሜን ጻፍሁ። ስምንት ፊደል ነው፤ አንዱም አልወደቀብኝም። ሠራተኛው አቶ ብሩ ፋይል ገልጠው «አባባ፣ እዚህ ያለው አሻራ ነው፤ መጻፍ የማይችሉ ተብለው ነው የተመዘገቡት» አሉኝ። እያዩኝ ደግሜ ጻፍሁ። «ቢችሉም አይችሉም! የሚታየው ፋይሉ ነው። ጣትዎን ይንከሩና ይገላገሉ» ብለው ቀለሙን ገፉልኝ። አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። እኔ ገራዶን በሙሉ የማስቅ ሰው ነኝ፤ ያ ሳቅ ግን የእኔ ሥራ አልነበረም።

4. አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። 120 ኩንታል ባቄላ በኮምቦልቻ ሙቀት መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነቀዝ ገብቶበታል። ነቀዙን አሻራ የጠየቀው የለም። የሱዳን ኬላ ዝቅ ሲልልን የእናንተ ጠረጴዛ ከፍ አለ።

አባሎቻችን «ኧረ አያ ዘይኑ፣ ጣትህን አትምና ባቄላው ይሂድ» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም፤ የልጆቻቸው ቀለብ ነው። ነገር ግን እየቻልሁ አልችልም ብዬ ባትም ውሸት ነው። ስለ እኔ የዋሸ ወረቀት ስለ ባቄላው እውነት ተናገረ ብሎ ማን ያምነዋል?

5. ስለዚህ ፋይሉ ላይ ያለው አሻራ በፊርማዬ ተተክቶ ወረቀቱ ከየካቲት 20 በፊት እንዲሰጠን በአክብሮት እጠይቃለሁ። መጻፍ መቻሌን መምህርቴ ወ/ሮ እቴነሽ ቀርበው ለመመስከር ፈቅደዋል።

ለክቡርነትዎ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

ዘይኑልአቢዲን የሱፍ

(አሻራ ያልተደረገበት ምክንያት፦ አውራ ጣቴ እስክሪብቶ ይዞ ነበር።)