የአባ ድምፅ በእኔ ጩኸት ውስጥ

ሐሙስ፣ የካቲት 3 ቀን 2003፣ ከሚሴ

የአባን ድምፅ ከባጃጅ ውስጥ ሰማሁት። መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በጠራራ ፀሐይ። መጀመሪያ የአባቴ መንዙማ፣ ቀጥሎ ኦርጋኑ፣ ከዚያ የእኔ ጩኸት።

ሾፌሩን «ይሄን ከየት አገኘኸው?» አልኩት።

«በብሉቱዝ ተልኮልኝ ነው። ጂን የያዛት ሴት ናት አሉ» ብሎ ሳቀ።

ጂን የያዛት ሴት እኔ ነኝ። ሞባይል ቤት ውስጥ ለሰው ዘፈን ስጭን የምውል፣ ፎዚያ።

ዘፈኑ ከዳዊት ጋር ሰባት ወር የደከምንበት ነው። ዳዊት ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል። ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ ባመጣው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙዚቃ ነበር። አንዱ ሜታል፤ ጊታሩ ያገሳል፣ ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪደማ ይጮኻል። ሌላው ባሮክ የሚሉት የድሮ የአውሮፓ ሙዚቃ፤ አንዱ ዜማ ይሮጣል፣ ሌላው ከኋላው እየደገመ ይከተለዋል። ሁለቱን በኮምፒውተር ምት አገናኘናቸው። ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። መንዙማስ? አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ እየጋለ ይሄዳል።

የአባን ድምፅ ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ። ወንድሜ ሐሰን በጅቡቲ መንገድ መኪናው ተገልብጦ የሞተ ሰሞን፣ አባ ጓዳ ገብተው ብቻቸውን መንዙማ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከበሩ ውጭ ቆሜ በስልኬ ቀዳኋቸው። መሐል ላይ ድምፃቸው ይሰበራል። የእኔ ጩኸት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

አልነገርኳቸውም። መውሊድ ማክሰኞ ነው፤ የመንዙማው አውጪ አባ ናቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 4

ዳዊት አመነ። ለአንድ ጓደኛው ሰጥቶታል።

«አንድ ሰው ብቻ ነው ፎዚ። እስቲ ስማው ብዬ ነው።»

«ከሚሴ ውስጥ አንድ ሰው ብሎ ነገር አለ?» አልኩት። ጮህኩበት። የሱቁ ደንበኞች ዞር ብለው አዩኝ። ምናልባት ድምፄን ለይተውት ይሆናል።

ከጁምዓ በኋላ ሼህ ይመር ወደ ቤታችን መጡ። የመውሊዱን ዝግጅት የሚመሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

«ሰይድ፣ ድምፅዎን ሰዎች ከሰይጣን ጩኸት ጋር ለውሰውታል። በየባጃጁ ይጫወታል» አሏቸው አባን።

አባ «ማነው የቀዳኝ?» ብቻ አሉ።

እማ እጇ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወደ ምድጃው ዞርኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 5

ነገሩ ከፋ። ኪቦርድ ያለው ማነው? ኮምፒውተር ያለው ማነው? ሰው ሁሉ ዳዊት ላይ ጣቱን ቀስሯል። ገበያ ላይ አንዱ «ክርስቲያኑ ልጅ በዲናችን ቀለደ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ሌላው «ዝም ብለን ልናይ ነው?» አለው።

ደወልኩለት። ከቤት አልወጣም። ለነገ ሰንበቴ ከተማ የሚጫወትበት ሠርግ ነበር፣ ሰርዘውበታል። እናቱ መስኮቱን ዘግታለች።

«የእሷ ነው ብለህ ነገርካቸው እንዴ?» አልኩት። እንዲናገር ፈልጌ ይሁን እንዳይናገር አላውቅም።

«እኔ ስምሽን አልጠራም» አለ። «ግን ፎዚ፣ ፈርቻለሁ።»

የሚያስፈራኝን ልጻፍ። የአባ ፊት። የሼህ ይመር ቁጣ። የዳዊት ቤት መስኮት ላይ የሚወረወር ድንጋይ። ሦስተኛው ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል። ይህን እያወቅሁ ዛሬም አልተናገርኩም። ፈሪ ነኝ።

እሑድ፣ የካቲት 6

ነገርኳቸው።

አባ ከንጋቱ የሱብሂ ስግደት ተመልሰው ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አባ፣ የቀዳሁዎት እኔ ነኝ። የምጮኸውም እኔ ነኝ። ዳዊት አብሮኝ ሠራ እንጂ ድምፅዎን አልሰረቀም።»

«ኢንተላ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ በኦሮምኛ የሚጠሩኝ ሲያዝኑ ነው። «አንቺ? ያ ጩኸት ካንቺ ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«አምጪው። ልስማው።»

ኤርፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ዘጠኝ ደቂቃ። ጣታቸው አንዴ ጉልበታቸው ላይ ድቤ ከበሮ እንደሚመታ ሰው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ቆመ። ድምፃቸው የሚሰበርበት ጋ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

ስለ ሰይጣን ይናገራሉ ብዬ ነበር። «ያን ቀን ብቻዬን ከአላህ ጋር የነበርኩ መስሎኝ» አሉ። «የሰረቅሽው መንዙማ አይደለም። ልቅሶዬን ነው።»

«አውፍ ይበሉኝ፣ አባ። ይቅር ይበሉኝ።»

ተነሥተው ገቡ። በዱላ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 7

አባ ጠዋት «ተሸፋፈኚና ተከተይኝ» አሉኝ። ሼህ ይመር ቤት ሄድን። አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አባ ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«ጥፋቱ የቤቴ ነው። ልጄ ናት። የሰውን ልጅ አትንኩ።»

አንደኛው ሽማግሌ አስተግፊሩላህ እያሉ ፊታቸውን አዞሩ። ሼህ ይመር ግን ወደ እኔ ዞረው «ለምን?» አሉኝ። ጥያቄው በቁጣ አልነበረም። «ሐሰን ሲሞት እኔ አላለቀስኩም ነበር» አልኳቸው። ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ነው። ከየት እንደመጣብኝ እንጃ።

ፍርዱ፦ ከየስልኩ እንዲጠፋ እኔው ራሴ እየዞርኩ እለምናለሁ። የዳዊትን ቤተሰብ ሼህ ይመር ሄደው ያረጋጋሉ። አባ ዘንድሮ አያወጡም። የመጨረሻውን የጠየቁት አባ ራሳቸው ናቸው፤ «የተሰበረ ድምፄን ሰው ሁሉ ሰምቶታል፣ ዘንድሮ ልቀበል» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ባጃጅ በባጃጅ ዞርኩ። አንዳንዱ እፊቴ አጠፋው። አንዱ «ጂኗ መጣች» ብሎ ሳቀብኝ። አንዱ፣ ስሙን የማላውቀው ሾፌር፣ «አጠፋዋለሁ፣ ግን ወላሂ እናቴ የሞተች ጊዜ እንዲህ መጮህ ፈልጌ ነበር» አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 8

መውሊድ። አባ ከተቀባዮቹ መሐል ተቀመጡ። የሚያወጣው ሌላ ሰው ነበር፣ ከባቲ የመጣ፣ ድምፁ ያማረ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ አንድ ድምፅ ብቻ እፈልግ ነበር። ከብዙ ሰው መሐል ለየሁት። ሰለል ያለ ነው፣ አልተሰበረም።

ዳዊት አልደወለም። ሼህ ይመር ትናንት ቤቱ ሄደው ሻይ ጠጥተዋል፤ እናቱም መስኮቱን ከፍታለች አሉ። እኔ ግን ብደውልለት ምን እላለሁ? ጥፋቱን ሁለት ቀን ሙሉ አሸክሜዋለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባ ከፊቴ ሲሄዱ ቆይተው ቀስ አሉ። ጎን ለጎን ሆንን።

«የእኔን ድምፅ ከዘፈንሽ አውጪው» አሉ።

«እሺ አባ። አወጣዋለሁ።»

«ያንቺ ይቆይ።»

የሰማሁት እውነት አልመስል አለኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው መንገዱን ነው የሚያዩት።

«ወንድምሽን በራስሽ ድምፅ አልቅሺው። ጉሮሮሽን ግን እንዲህ አታስጨንቂው፤ ትጎጂዋለሽ። ትንፋሹ ከታች ነው የሚመጣው።» መዳፋቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው መንገድ መሐል ቆመው አሳዩኝ። ሰው እያየን።

እኔም እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ተነፈስኩ።