ለጠርዝ የሚታጠፍ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬ ብቻ ክር እየበጠሰች ታበሽቀኛለች። ለብርዱ አንገትሽን ትሸፍኛለሽ ግን?

ትምህርት ቤቱ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብን ፈጣንና ዘገምተኛ ብሎ ከፍሎ ታናሽሽን ዘገምተኛው ውስጥ ከተታት። በአንድ ነጥብ! ፈተናዋን አየሁት። "ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ለመሸፈን ስንት ካሬ ሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል?" ይላል። እሷ እኔ እንዳስለመድኳት በየጎኑ አምስት ሴንቲ ለጠርዝ ጨምራ፣ ሁለት ነጥብ ሠላሳ አንድ ብላለች። በቀይ ሰረዙባት።

ሥራዬን ጥዬ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ።

"እናቴ፣ ጥያቄው ስለ ጠርዝ አያወራም" አለኝ።

"ጠርዙ ያልታጠፈ ጨርቅማ በሁለተኛው እጥበት ክሩ ተመዞ ያልቃል። ጥያቄው የረሳውን ልጄ አስታወሰች። ታዲያ ዘገምተኛው ማነው?"

"ደንብ ነው።"

"እንግዲያው ደንቡ እስኪታረም እዚሁ ነኝ" ብዬ መርፌዬን አወጣሁና ክሩ የተንዘለዘለውን የቢሮውን መጋረጃ መጥቀም ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቀ። ሁለተኛውን መጋረጃ ስጀምር ግን መምህሯን አስጠራ። ሰኞ እህትሽ እንደገና ትፈተናለች።

አደራ፣ ደብዳቤ ጻፊላት፤ የአንቺን ቃል ትሰማለች። የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይይሽ።

ደግሞ ልጄ፣ አንቺን እዚያው ዘገምተኛ ክፍል ሲከቱሽ "የተማሩት ያውቃሉ" ብዬ አንገቴን ደፍቼ ተመልሻለሁ። ያኔም መርፌው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ይቅር በይኝ።

እናትሽ