ይሄይስ የተከለው ፊላ

አገኘሁሽ እህቴ፣

ልጄ ይሄይስ እስኪሞት ድረስ ይሠራበት የነበረውን የወረታውን የዩኒቨርሲቲ ግቢ ዛሬ አየሁት። ገና ስገባ ውሃ የተኛበት ለምለም መደብ አገኘሁ። ፎገራ የሩዝ አገር ነው ሲባል ስለምሰማ አጫጭሩ ሩዝ፣ ረጃጅሙ አረም መሰለኝ። እኛ ጋይንት በሰው ማሳ ስናልፍ አንድ ሁለት አረም ሳንነቅል እናልፋለን? ጎንበስ ብዬ አንዱን ነቀልኩት።

አትክልተኛው ባየህ እየሮጠ መጣ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ላግዛችሁ ብዬ ነዋ።»

ሳቀ። «እንዲህ ካገዙንማ ግቢው መግማቱ ነው። ይሄ ፊላ ነው፤ ከተማሪው መኝታና ከሽንት ቤት የሚመጣውን ውሃ የሚያጠራው እሱ ነው። ሁሉንም በእጁ የተከለው ይሄይስ የሚባል ልጅ ነበር።»

እናቱ መሆኔን ስነግረው፣ «እንግዲያስ መልሰው ይትከሉት፤ ይይዛል» አለኝ። ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁና ተከልኩት። ከታች በኩል ውሃው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የችግኝ ጣቢያውን ያጠጡበታል።

ሂጂና እዪው ብለሽ ስለገፋፋሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። በራሴማ ቢሆን አልመጣም ነበር። የምጽፍበት ፖስታ ካርድ ጠበበኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ የነፍስ አባታችንን እጅ ንሺልኝ። ይህን ለባለቤቴ ለገብረማርያም አንብቢለት። ተምሮ እጣቢ ውስጥ ገባ እንዳይሉት ፈርቶ፣ ልጁ ምን ይሠራ እንደነበር ለሰው ነግሮ አያውቅም። አሁን ግን አፉን ሞልቶ ይንገር።

አመተ ሥላሴ