ሕመሙ ሲለቅ

መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም እታለም መጂዳ፣

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ የጅዳው ሥራሽም ይቅለልሽ። በድምፅ ልልክልሽ ሞክሬ ልቅሶው እየቀደመኝ አጠፋሁት። ስለዚህ ጽፌ ፎቶውን እልክልሻለሁ። እማዬ እንዴት እንደሞተች እውነቱን ንገሪኝ ብለሻል። እንቅልፍ እንደወሰዳት የነገሩሽ አዝነውልሽ ነው።

ካርቱም ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የሕክምና ትምህርቴ አንቺ በላክሽልኝ ታብሌት ውስጥ ነው። የካርቱሙ ዩኒቨርሲቲያችን ተበትኖ በኢንተርኔት ያስተምረናል። ሬሳ የምናጠናበት ክፍል ስለሌለ አናቶሚን የምማረው ከቪዲዮና ከሚዞር የሰው ምስል ነው። በጣት ስትነኪው ቆዳው ይነሳል፣ ደግመሽ ስትነኪው ጡንቻው፣ ከዚያ አንጀቱ ወለል ይላል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ «ኧረ ልብስ አልብሺው፣ ነውር አይደለም?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

የእኛ ኔት ሲዘጋ ድንበሩ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ሄደን በሱዳን ሲም እንደምንስብ አትረሺውም። ያን ቀን የሆድ ዕቃ ትምህርት ተለቆ ነበር። እማዬ ከዋዜማው ጀምሮ ቀኝ ሆዷን ይዛለች። ልቅር ስላት ተቆጣች። «የበላሁት ነው። ሂጂ፣ ፈተናሽ ደርሷል» አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ አሰበች መጥተው ስለነበር እሳቸውን አምኜ ሄድኩ።

ቪዲዮው ላይ አስተማሪው ትርፍ አንጀት በቀኝ በኩል የት እንዳለ አሳየ። ቀጥሎም «ሲያም ቆይቶ ድንገት ከተወ አትደሰቱ፤ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል» አለ። ሳልጨርሰው ወደ ቤት ሮጥኩ።

ስደርስ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። እትዬ አሰበች እንደ ልማዳችን ሆዷን በሰሊጥ ዘይት ጫን ጫን አድርገው አሽተዋት ሕመሙ ለቋታል። እማዬ ትራስ ተደግፋ አጥሚት ትጠጣለች። «ኸላስ፣ ለቀቀኝ! የአሰበች እጅ ካንቺ ታብሌት ይበልጣል» ብላ አሾፈችብኝ። እጄን ሆዷ ላይ ባሳርፍ እንደ ሳንቃ ደርቋል።

ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ ሸሕዲ የሚወስደው መንገድ ተኩስ ነበረበት። ባለ ሚኒባሱ ሷሊህ ደፍሮ አሳፈረን፤ መንገዱን የዘጉት ኮኪት ላይ መለሱን። እዚህ ጤና ጣቢያው ግሉኮስ ሰቀሉላት፤ ቀዶ የሚያክም ግን አልነበረም። በማግሥቱ አረፈች። ተሠቃይታለች እታለም፣ አልዋሽሽም።

ስትታጠብ ሴቶቹ «ልጅ እያለች ማን ይቀድማል» ብለው ውሃውን ለእኔ ሰጡኝ። ሐኪም እሆናለሁ ካልኩ ወዲህ የነካሁት የመጀመሪያ ሬሳ የእማዬ ነው። ከቆዳዋ በታች ያለውን ሁሉ በየስሙ አውቀዋለሁ። ጨርቅ ደርቤ ከሥር ነው ያጠብኳት፤ ገላዋን ማንም አላየውም።

እትዬ አሰበች በየቀኑ እየመጡ «እኔስ አድኛት ነበር፤ ፈጣሪ ፈለጋት እንጂ» ይላሉ። እኔም «አዎ፣ እትዬ» እላቸዋለሁ። ብትደውዪላቸው አንቺም እንዲሁ በያቸው፣ አደራ።

ፈተናውን እንዳታስቀሪ ስላልሽኝ ከሐዘኑ ተነስቼ ድልድዩ ጋ ሄጄ ተፈተንኩ። ሆዱ የተከፈተ ምስል መጣ፤ ትርፍ አንጀቱን ንኪ ይላል። ነካሁት። አረንጓዴ በርቶ «ትክክል» አለኝ።

አላህ እማዬን ጀነት ይወፍቃት፤ ላንቺም ሶብሩን ይስጥሽ። ለእኔ ዱዓ አድርጊልኝ።

እህትሽ ከውሰር