ዲስግሬስፉል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ነገሌ

ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ ሐጂ አደም ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ሁልጊዜ «አካም፣ ናጋ?» የሚሉኝ ሰው ዛሬ ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም።

«መምህር፣ ዲስግሬስፉል ማለት ምንድን ነው?» አሉኝ።

ትናንት ፈረንጁ የእንግሊዝኛ መምህር ልጃቸውን ዘሃራን በተማሪ ፊት እንዲህ ብሎ ተቆጥቷታል። ተማሪዎቹ ቃሉን «ነውረኛ» ብለው ተረጎሙት። ወሬው ወዲያው ገበያ ገባ።

«አሳፋሪ እንደማለት ነው» አልኳቸው። «ግን እሱ ለትልቁም ለትንሹም ይለዋል። ለዘገየ መኪና፣ ለቀዘቀዘ ሻይ ሳይቀር ሲለው ሰምቻለሁ።»

አላመኑኝም። «ልጄ ምን አድርጋ ነው? ከወንድ ጋር ታይታ ነው?» ነገ ጠዋት በጭነት መኪና ሜጋ፣ አጎቷ ዘንድ ልከው ሊድሯት ቆርጠዋል።

ሮጬ ፈረንጁን ጠራሁት። እሱ እየተናገረ እኔ አስተረጎምኩ። የቤት ሥራዋን ቀለም አፍስሳበት ስላመጣች ነው የተቆጣት፤ ሌላ ምንም የለም። ፊቱ ቀልቶ ይቅርታ ጠየቃቸው።

«እኔስ ገባኝ» አሉ ሐጂ። «ለገበያው ማን ያስረዳልኛል?»

«ነገ ትምህርት ትመጣለች አይደል፣ ሐጂ?»

«ኢንሻ አላህ» አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ።

እራት አልበላልህ አለኝ። የሜጋው መኪና የሚነሳው ከትምህርት ቤቱ ደወል በፊት ነው።