ጥፋቱ የሴንሰሩ አልነበረም

ይድረስ ለአባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል አባዬ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ደረጃው አሁንም ያስቸግርዎታል? የእማዬስ ዓይን ተሻላት? እኔ እጄ ግራሶ ጠግቦ በሳሙና አልለቅ ከማለቱ በቀር ደኅና ነኝ። በጋራዡ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ብሆንም ለምደውኛል።

አክስቴ መልእክትዎን አድርሳልኛለች። ታናሽ እህቴ ስትዳር እንድመጣ፣ አስቀድሜ ግን ታላቅ ወንድሜን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ ብለዋል። ከመልሴ በፊት ሰሞኑን የገጠመኝን ላጫውትዎ።

አንድ ዳቦ አመላላሽ ሾፌር የሞተር መብራቱ በርቶ አልጠፋ ብሎት መጣ። መመርመሪያውን ስንሰካው ኮዱ ኦክስጅን ሴንሰሩን ጠራ፤ የጭሱን አየር እየለካ ለሞተሩ የሚናገረውን ዕቃ ማለት ነው። አለቃዬ ቀይሩት አለ፤ ቀየርን፣ ኮዱንም አጠፋን። ሾፌሩ መርቆን ሄደ፤ በማግስቱ እየተራገመ ተመለሰ። ሌላ ሴንሰር አስገባን፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ ሰውየው መብራቱን በፕላስተር ሸፍኚልኝና ልገላገል አለኝ። ስንቱ ነው እንዲህ የሚገላገለው!

እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ሞተሩን አስነስቼ፣ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ሳይግል ከሥር ገባሁና የሳሙና ውኃ ቀባሁት። ከሴንሰሩ ቀደም ብሎ ካለው መጋጠሚያ ላይ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቧንቧው ተሰንጥቆ አየር ያስገባል፤ ሴንሰሩ ያገኘውን ነበር የሚናገረው። ስንጥቁን በየድነው፤ መብራቱም አልተመለሰም። ደህናዎቹ ሴንሰሮች ግን እውነት በተናገሩ ተነቅለው ተጥለዋል። እዚያው መኪናው ሥር እንደተኛሁ አለቀስኩ አባዬ።

ከቤት ሳልወጣ፣ ያን የአደጋ ቀን፣ ወንድሜ በእርስዎ መኪና ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ሲገጫት ከጎኑ ነበርኩ። ፍሬን እምቢ አለኝ አለ። ፍሬኑ ምንም አልሆነም፤ እሱ ሰክሮ ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ ሲጠይቀኝ ያየሁትን ተናገርኩ። እርስዎም የእናትሽን ልጅ አሳልፈሽ ሰጠሽ ብለው ከቤት አስወጡኝ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል፤ እኔ ይኸው እንደመሸብኝ ቀረሁ። እሱ ቅጣቱን ጨርሶ ዛሬም መኪናዎን ይነዳል። እሷ ግን የስፌት መኪናዋን የምትረግጥበት እግር አልዳነላትም።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም፤ አልመጣምም። አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ ስትዳር አለማየቴ አንጀቴን ያሳርረዋል፤ ቢሆንም አልመጣም።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። አክስቴን፣ በመሀል ቤት ስላስቸገርኳት አትቀየሚኝ ይበሉልኝ። ሙሽራዋን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ለወንድሜም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ሰላምታ ብቻ። ልብስ ሰፊዋንስ ሰላም የሚልልኝ ከቤታችን ሰው ይገኝ ይሆን? እህቴን ከልጅነቷ ጀምሮ የሙሽራ ቀሚስሽን የምሰፋልሽ እኔ ነኝ ትላት ነበር።

ልጅዎ
ከጋራዡ ጓሮ፣ ከክፍሌ
ታኅሣሥ 11 ቀን