አይጠፋም

ሰኞ፣ ሰኔ 8

የባዮሎጂ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ከዓርብ ማታ እስከ ዛሬ ጠዋት መብራት አልነበረውም።

ዶክተሬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ልጃችን ፈተናዋን ጨርሳ እናትሽ ዘንድ ሄዳለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ የፍጆታ ሪፖርቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጸሐፊ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው። አንቺ ዘንድ ገና ሌሊት ነው። ብደውልስ ከእንቅልፍሽ ቀስቅሼ ምን ብዬ እጀምራለሁ?

የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ጣጣ ታውቂዋለሽ። ውጭ አገር ከሄድሽ ወዲህ ብሶበታል። ተማሪው ለእረፍት ሲበተን እንኳ ንቅንቅ አላለም። ፕሬዚዳንቱ፣ ባዶ ሕንፃ ምን ይበላል ብለው ስብሰባ ላይ አፋጠጡኝ። የጥገና ኃላፊው እኔ ነኝና መልሱን ፍለጋ ዞርኩ። አዲሱ ሕንፃ መስታወት ብቻ ነው፤ ፀሐይ ሲቀቅላቸው ሠራተኞቹ ማቀዝቀዣውንም መስኮቱንም አንድ ላይ ይከፍታሉ። በጥላው ወገን ያሉት ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ማሞቂያ ሸሽገዋል። የኮሪደሩ ማጥፊያ የተቆለፈ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ጡረታ ወጥቷል። ቤቱ አንድ አምፖል ሲበራ የሚቆጣ ሰው እዚህ ሲደርስ እጁ ማጥፊያ አይነካም። የሁሉ የሆነ የማንም አይደለም።

ስለዚህ ትእዛዝ አወጣሁ፤ ለሙከራ፣ ዓርብ ሥራ ሲያበቃ ጥበቃዎች በባዮሎጂ ሕንፃ በየክፍሉ እየዞሩ የበራውን ሁሉ ያጥፉ። የቅጠል ናሙናዎችሽ ያሉበትን ፍሪዘር ረስቼው አይደለም። ሶኬቱ ላይ በእጅሽ የጻፍሽው ቀይ ወረቀት አለ፤ «አይጠፋም» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ስገባ በላብራቶሪሽ በር ሥር ውሃ ወጥቷል። ሳቋ አይታይም ብለሽ «ቀዝቃዛዋ» ያልሻት ቴክኒሻን ተንበርክካ ትወለውላለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። መብራት በሄደ ቁጥር «አለሁ!» እያለ ስለሚጮህ ጄኔሬተር ያልነው የጥበቃ ኃላፊ አጠገቧ ቆሟል። ማን ነው ያጠፋው አልኩ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። ምስጋና ነበር የጠበቀው።

ወረቀቱን አላየህም ወይ ስለው ግራ ገባው።

«አየሁ እንጂ፣ ኢንጂነር። አይጠፋም ይላል። ማጥፊያው ተበላሽቷል ማለት አይደል? እኔም ወርጄ የፎቁን ብሬከር ጣልኩት።»

በምን ልቆጣው? ሰውዬው የተጻፈውን ነው ያነበበው።

ቀዝቃዛዋ የላይኛዎቹ መደርደሪያዎች እንደቀለጡ ነገረችኝ። የታችኞቹን አንድ በአንድ እያየች ነው። ናሙናዎችሽን መልሶ መሰብሰብ እንደማይቻል ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልግም። ቅጠሎቹን የለቀምሽበት ደን አሁን ሜዳ ነው፤ ባለፈው ወር በዚያ ሳልፍ አንድም ዛፍ አላየሁም።

እዚያው እንደቆምኩ ፕሬዚዳንቱ ደወሉ። ፍጆታው እንዲህ ወርዶ አያውቅም፣ እንዴት አድርገህ ነው፣ ና ለዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት አስረዳ አሉኝ። ትእዛዙ ከዚህ ዓርብ ጀምሮ በሁሉም ሕንፃ ሊጸና ነው። ከበሩ ወዲያ ሳቃቸው ይሰማኛል። ገብቼ ዝም ካልኩ ያጨበጭቡልኛል፤ ዓርብ ደግሞ የቀሩት ፍሪዘሮች ይከተላሉ። ሪፖርቱ ግንባር ላይ በእስክሪብቶ፣ «ፍጆታው የወረደው ፍሪዘር ጠፍቶ ነው፤ ትእዛዙ ይቁም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን እችለዋለሁ።

የማልችለው ሌላ ነው። መጨረሻ የተነጋገርን ለት፣ መቼ ነው የምትመጪው ብልሽ፣ «እኔን የሚመልሰኝ ያ ፍሪዘር ነው» አልሽኝ። ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሄጄ ሶኬቱን በእጄ ነካ ነካ አድርጌ፣ መጥበቁን አየሁ።

አሁን ከቀዝቃዛዋ መልእክት ገባ። «ይምጡ» ብቻ ነው የሚለው። ለደግ ይሁን ለክፉ አይታወቅም፤ ታውቂያታለሽ።

ጸሐፊዋ፣ «ኢንጂነር፣ ይግቡ፤ እየጠበቁዎት ነው» አለችኝ። ሪፖርቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። ወዴት ነው ትላለች። የመውጫውን በር በትከሻዬ ይዤ ነው ይህን የምጨርሰው።

ከዚያ ሁሉ ቅጠል መሀል ደህና የሆነ አይጠፋም። ባይኖርም እንኳ፣ አንቺን የሚያመጣ ሌላ ነገር አይጠፋም።

እግዜር ጤናሽን ይጠብቅ፤ ከብርድም ይሰውርሽ። ልሂድ።

የልጅሽ አባት